ግማሹ ማህተም

«መቀሱን አቀብዪኝ» አለች ሀይሚ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ። ለብ ያለው ውሃ ተዘጋጅቷል፤ ጋዜጣውም ተነጥፏል። የቀረው የፖስታውን ጥግ ቆርጦ መንከር ብቻ ነው። ሙጫው ሲለቅ ቴምብሩ ከወረቀቱ ይላቀቃል፤ ከዚያ አድርቆ አልበም ውስጥ ማስገባት ነው። ይህን ሥራ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢሠሩት አይሳሳቱም።

ኢሊሊ ግን መቀሱን አላቀበለቻትም። አጉሊ መነጽሩን ፖስታው ላይ ደግና አቀርቅራለች።

ሁለቱም የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የድሮ የእንግሊዝ ቴምብር ሲለቅሙ ከርመው፣ ነገ በትምህርት ቤታቸው የቴምብር ክበብ ውድድር ይቀርባሉ። የንጉሡ ምስል ያለባቸው የጦርነት ዘመን ቴምብሮች በተደረደሩበት ገጽ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ክፍት ነው፤ የሰማያዊው ቴምብር፤ እሱም ይህ ፖስታ ላይ ያለው ነው። እሱ ከተሞላ አንደኛ እንወጣለን ትላለች ሀይሚ። ክበቡ ደግሞ ወረቀት የተጣበቀበት ቴምብር አያወዳድርም። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ከፖስታ ጋር ምን ጠብ እንደነበረው እግዜር ይወቅ።

በዚያ ላይ ይህ አልበም አብረው የሚሠሩት የመጨረሻ ነገር ነው። የሀይሚ ቤተሰቦች ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው፣ ክረምት ሲገባ ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ ያለውን የኪራይ ቤት ለቀው ወደ ከተማው ዳር ሊሄዱ ነው። ሁለቱም ስለዚህ ጉዳይ ማውራት አይወዱም፤ ስለ ቴምብር ማውራት ይቀላል።

ፖስታውን የሰጧቸው የኢሊሊ ጎረቤት ወይዘሮ ፍረወይኒ ናቸው። «የአባቴ ነው። ደብዳቤው የለም፣ ፖስታው ብቻ ነው የቀረው። ቴምብሩ ከጠቀማችሁ ውሰዱት ልጆቼ» ብለው ነበር።

«ኢሊሊ፣ በናትሽ! ውሃው ሊቀዘቅዝ ነው።»

«ቆይ አንዴ። ማህተሙን አይተሽዋል?»

«ማህተም ማህተም ነው። ምኑ ይታያል?»

«ነይ እዪው።»

ሀይሚ እያጉረመረመች ጎንበስ አለች። ክቡ ጥቁር ማህተም ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል። የከተማዋ ስም መሀል ለመሀል ተከፍሏል፤ «አስ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ሰማያዊው ላይ ናቸው፣ «መራ» የሚሉት ወረቀቱ ላይ። ቀኑና ወሩ በዚያ፣ ዓመቱ በዚህ፤ 1943 ይላል፣ በፈረንጆቹ።

«አስመራ?» አለች ሀይሚ። «የእንግሊዝ ቴምብር አስመራ ምን ይሠራል?»

«ቴምብሩ ላይ ታች ያሉትን ሦስት ፊደሎች አየሽ? ለእንግሊዝ ጦር የታተመ ነው ማለት ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እዚያ እነሱ ነበሩ። ይሄ ደግሞ፣» አለች የፖስታውን ጠርዝ ዞሮ ወደያዘው ቢጫ የወረቀት ልጣፊ እየጠቆመች፣ «ወታደሮቹ ከፍተው አንብበው መልሰው ያሸጉበት ነው። ጦርነት ስለነበር።»

ከዚያ ፖስታውን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ሌላ ማህተም አለ፤ ፈዟል፣ ግን ይነበባል። አዲስ አበባ።

ኢሊሊ መንገዱን በሐሳቧ ተከተለች። ለንደን የታተመች ቁራጭ ወረቀት ባሕር ተሻግራ አስመራ ገብታለች። አንድ ሰው በምላሱ አርሶ ለጥፏታል፤ ሌላው ማህተም መቶባታል፤ አንዱ ወታደር የማያውቀውን ሰው ደብዳቤ ከፍቶ አንብቧል። ያን ሁሉ ተራራ አልፋ፣ እዚህ ከተማ ደግሞ አንድ እጅ «ደርሳለች» ብሎ ማህተም አሳርፎባታል። ሁሉም ሞተዋል። እጃቸው ግን ገርጂ፣ የኢሊሊ የጥናት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከውጭ የሕንፃ ሠሪዎቹ መዶሻ ይሰማል፤ እሷ ግን አልሰማችውም። እንዲህ የሚያስደንቅ ነገር በእጇ ይዛ አታውቅም።

«አልቆርጠውም» አለች።

ሀይሚ ቀና አለች። «አትቀልጂ።»

«ብንቆርጠው ሰማያዊ ቴምብር ብቻ ይሆናል። ከየት መጣህ ብትዪው አያውቅም።»

«ነገ ባዶ ቦታ ይዘን ልንቀርብ? ዓመቱን ሙሉ ለፍተን?» አለች ሀይሚ። «ከዚህ በኋላ እኮ አብረን የምንወዳደርበት የለም፣ ኢሊሊ። አለቀ።»

ይህን ቃል አንዳቸውም እስከዛሬ ጮክ ብለው ተናግረውት አያውቁም። ኢሊሊ ጓደኛዋን ለማስደሰት ብላ መቀሱን ልታነሳ ምንም አልቀራት፤ እጇ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ሄዶ ነበር።

መቀሱን ትታ ሳህኑን አነሳችና ውሃውን ማጠቢያው ላይ ደፋችው።

ሀይሚ አጉሊ መነጽሩን ወደ ራሷ ስባ ፖስታውን ማየት ጀመረች፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ጀርባውን። ቆየች።

«ነገ ቦታው ለምን ባዶ ሆነ ብለው ሲጠይቁን አንቺ ነሽ የምታወሪው» አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«እኔ አወራለሁ።» ኢሊሊ አጠገቧ ተቀመጠች። «ስሚ፣ አባትሽ የፖስታ ሳጥን ቁጥር አላቸው?»

«የመሥሪያ ቤታቸው አለ። ለምን?»

«ልጽፍልሽ።»

«ቫይበር እያለ? ፋራ አትሁኚ።»

«ፋራ ነኝ። ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ሀይሚ እስክሪብቶ አነሳች፣ የኢሊሊን እጅ ይዛ ዘረጋችና ቁጥሩን መዳፏ ላይ ቀስ ብላ፣ አጥርታ ጻፈችው።