የኮሌታው ክር

«ኮሌታህን ገልብጥ! ኧረ ገልብጥ ስንልህ!»

ሰኞ ጠዋት አረፋ ወደ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የሰማችው ይህንን ነበር። ቀጮ የሚሉት ልጅ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ እንደ ስታዲየም ፈታሽ የሚገባውን ሁሉ ከኋላ እየያዘ የዩኒፎርሙን ኮሌታ ይገለብጣል። ጓደኞቹ ከበውት ይንከተከታሉ።

«ምንም የለውም፣ ይለፍ!» ይላል ቀጮ። «ቀጣይ! ኦ! አረንጓዴ! አረንጓዴ ተገኘ!»

የተያዘው አጭር ልጅ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አረፋ ለአፍታ ነገሩ አልገባትም። አረንጓዴውን ክር ስታይ ግን ገባት። ትናንት በእናቷ ላውንደሪ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ፎቶ የለጠፈችው እሷ ናት። ከፎቶው ሥር የጻፈችውም እሷው ናት፦ «አረንጓዴ ክር ያለባቸው ዩኒፎርሞች በሙሉ ላውንደሪያችን ለተማሪዎች በነፃ የሚያጥባቸው ናቸው።» መጨረሻው ላይ ደግሞ ልብና ጭብጨባ ጨምራበታለች፣ ምን ቸገራት!

አረፋ እውነተኛ ስሟ አይደለም። እናቷ ላውንደሪ ስላላት ልጆቹ ያወጡላት ቅጽል ነው፤ እሷም ወዳ ተቀብላዋለች። ላውንደሪው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ በጫማ ሰፊውና በፎቶ ቤቱ መሀል የተሸጎጠ ጠባብ ቤት ነው። ትልቁ ማሽን ሲጨምቅ እየዘለለ ቤቱን ይዞ ሊሄድ ስለሚደርስ፣ ጋሼ ተኳሽ ካውያውን አስቀምጦ ይመጣና በጀርባው ይደገፈዋል። ጋሼ ተኳሽ ልብስ የሚተኩሰው ሰውዬ ነው። «በሕይወቴ ዝንብ አልገደልኩም፣ ግን ተኳሽ ነኝ» የምትለዋ ቀልዱ አርጅታለች፤ እሱ ግን እስካሁን ይስቅባታል።

እዚያ ቤት የሚገባ ልብስ ሁሉ ውስጡ ክር ይሰፋበታል። ሰማያዊ የደንበኛ ነው፣ ቀይ የአስቸኳይ። አረንጓዴውን ደግሞ እማዬ ባለፈው ዓመት ነው የጀመረችው። ቤታቸው ውሃ እንደ ልብ የማይገኝ ተማሪዎች ቅዳሜ ጠዋት ዩኒፎርማቸውን በጓሮ በር ያመጣሉ፣ እሁድ ከሰዓት ታጥቦና ተተኩሶ በዚያው በጓሮ በር ይወስዳሉ። አረፋ በዚህ ነገር የምትኮራውን ያህል በምንም ኮርታ አታውቅም።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ ሬዲዮ የሚሏት የልብ ጓደኛዋ ናት። ለእማዬ የነገረችላት አረፋ ራሷ ነበረች። ሬዲዮ ከአክስቷ ጋር በአንድ ክፍል ነው የምትኖረው፤ አከራይዋ ውሃ እየሰፈረች ትሰጣለች፣ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ሲሰጣ ማየት ደግሞ ያማታል። ሬዲዮ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። በኋላ ግን «ማንም ካላወቀ እሺ» አለች፤ አረፋም «ሙች ብዬሻለሁ» አለቻት።

አሁን ሬዲዮ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ አንገቷን ያመማት ይመስል ማጅራቷን በእጇ ይዛ ተቀምጣለች። ጠዋት ጠዋት «ዜናውን ከዝርዝሩ ጋር» እያለች ክፍሉን የምታስቀው ልጅ ዛሬ በሩን በሩን ታያለች።

«ሬዲዮ! እስቲ ያንቺን ጣቢያ እንየው!» አለ ቀጮ እየተጠጋ።

«ብትነካኝ እጅህን ነው የምሰብረው!»

እሱን ስትጠባበቅ ሌላው ከኋላዋ መጣ። ኮሌታዋ ተገለበጠ፤ አረንጓዴ። ሬዲዮ ቀጮን አላየችውም፣ የሳቁትንም አላየቻቸውም። አረፋን ብቻ አየቻት።

በእረፍት ሰዓት አረፋ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አገኘቻት። ሸሚዟን ወደ ፊት ጎትታ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች።

«ሬዲዮ፣ ስሚኝ እንጂ...»

«አንድ ነገር ነው የለመንኩሽ። አንድ! ሁለት እንኳን አይደለም።»

«እኔ እኮ የማንንም ስም አልጻፍኩም! የማንም ፊት እንዳይታይ ብዬ ልብሱን ብቻ ነው ያነሳሁት። እንደውም ተጠንቅቄ...»

«ክሩንስ?»

ክር ለአረፋ ክር ነው፤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እያየችው ያደገችው የቤቷ ዕቃ። ኮሌታው ውስጥ ይዞት የሚዞር ሰው እንዳለ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

«ለመሆኑ ለምን አረንጓዴ አደረጋችሁት?» አለች ሬዲዮ።

«እንዳይጠፋ ነዋ!»

«የሌላው ሰው በሰማያዊ አይጠፋም፤ የኛ ብቻ ነው የሚጠፋው?» የበጠሰችውን ክር እንትፍ አለችው። «አትከተይኝ እሺ፣ በናትሽ አትከተይኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከትምህርት በኋላ አረፋ የእናቷን ስልክ አንስታ ፎቶውን ለማጥፋት እየሮጠች ላውንደሪው ገባች። ግን ገና በሩ ላይ እማዬ እጇ በሳሙና እንደተለወሰ አቀፈቻት።

«ነይ የኔ ወርቅ! የሽልማቱ ዳኞች ያንቺን ፎቶ አይተው ደወሉልኝ! ጋሼ፣ ንገራት እንጂ!»

«እንዴት ያለ ፎቶ ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ» አለ ጋሼ ተኳሽ ማሽኑን እንደተደገፈ።

የነጋዴዎች ማኅበር፣ ማኅበራዊ ኃላፊነታቸውን የተወጡ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን ሊሸልም ነው። ያሸነፈውን ድርጅት ደግሞ ከትልልቅ ሆቴሎች ጋር ያስተዋውቀዋል። የአንድ ሆቴል አንሶላ ቢገኝ ያ ዘላይ ማሽን ይቀየራል፤ እማዬም የተላላጠ እጇን እያየች «ይኼ ዓመት እንዴት ያልፍ ይሆን?» ማለቷን ትተዋለች።

«ዓርብ ሊያዩን ይመጣሉ» አለች እማዬ። «ከሚታጠብላቸው ልጆች አንዷ ካሜራ ፊት ትናገር ብለውኛል። ሬዲዮን አምጪልኝ፤ ያቺ ልጅ ምላሷ ቅቤ ነው።»

አሁን ንገሪያት፣ አለች አረፋ በልቧ። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን እናቷ እንዲህ ስትስቅ ካየቻት ቆይቷል፤ ያንን ሳቅ ማጥፋት አቃታት።

«እሺ» አለች።

ምነው ምላሴ በተቆረጠ ያለችው በኋላ ነው። ማክሰኞን ያቺን «እሺ» ስታብሰለስል ዋለች። ማታ እነግራታለሁ አለች፤ ማታ እማዬ ደክሟት ነበር። ጠዋት እነግራታለሁ አለች፤ ጠዋት ደንበኛ መጣ። ፎቶው እዚያው እንደተሰቀለ ቀረ፤ ልቡና ጭብጨባውም አብሮ። ትምህርት ቤት ውስጥ ቀጮና ጀሌዎቹ አረንጓዴ እስክሪብቶ ባዩ ቁጥር ሙድ ይይዛሉ፣ ሬዲዮም ከአረፋ ጎን ተነስታ ፊት ወንበር ሄዳለች።

ረቡዕ ዕለት ሬዲዮ ስታነጥስ ዋለች። የመውጫ ደወል ተደውሎ ከወንበሯ ስትነሳ፣ እንጨቱ ላይ እርጥብ የቀሚስ ቅርጽ ቀረ። ዩኒፎርሟን ከአከራይዋ ደብቃ ራሷ አጥባው፣ ሳይደርቅላት ለብሳው መጥታ ኖሯል። አረፋ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቃ መዳፏን እዚያ እርጥብ ላይ አደረገች። ይቀዘቅዛል። ቀኑን ሙሉ በዚህ ላይ ነው የተቀመጠችው።

ቤት ስትገባ ሰላምታም አልሰጠች። ስልኩን አንስታ ፎቶውን አጠፋችው፤ ከዚያ እናቷ ፊት ሄዳ ቆመች። ሁሉንም ነገረቻት፦ የተገለበጡትን ኮሌታዎች፣ በሬዲዮ ጥርስ የተበጠሰውን ክር፣ እርጥቡን ወንበር፣ የውሸት «እሺ»ዋም ሳትቀር።

ማሽኑ መዝለል ሲጀምር እማዬ ጋሼን ቀድማ ሄዳ ተደገፈችው፣ እስኪያበቃም ከዚያ አልተነሳችም።

«አንቺ ፎቶውን ነው የለጠፍሽው» አለች በመጨረሻ። «ክሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«እንዳይጠፋ ብለሽ እኮ ነው።»

«አይደለም። አንዷ ደንበኛ ‹ልብሴን ከማን ልብስ ጋር ነው የምታጥቢው?› አለችኝ። ደንገጥ ብዬ የልጆቹን ለየሁት፤ በመጨረሻ፣ ለብቻው፣ በሌላ ክር። የጓሮውንም በር ለልጆቹ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። እነሱን ከሰው ዓይን አልደበቅኳቸውም፤ ከደንበኛዬ ዓይን ነው የደበቅኳቸው።» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ይቆጨኛል፣ ልጄ። በጣም ይቆጨኛል።»

በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። ማኅበሩ ነው። እማዬ ጥቂት አዳምጣ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ፎቶው የት ሄደ ይላሉ። እሱ ከጠፋ ቢያንስ አንድ ልጅ መናገር አለበት፤ አለዚያ ከውድድሩ እንወጣለን። ከሌሎቹ አንዱን ብንጠይቅስ?»

አረፋ ሆቴሉን አሰበች፣ ማሽኑን አሰበች፣ የእናቷን እጅ አየች። ብትጠይቀው ያ አጭር ልጅ እምቢ እንደማይል ታውቃለች። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ዩኒፎርሙን የሚያጥቡለት እነሱ ስለሆኑ እምቢ አይልም።

ራሷን ነቀነቀች። «አንጠይቅ፣ እማዬ።»

እማዬ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «አይ፣ ልጅ አናቀርብም። አይ፣ ሌላ ፎቶም የለንም። አመሰግናለሁ።» ዘጋችው። «በቃ፣ ሄደ» አለች።

«ይሂድ» አለ ጋሼ ተኳሽ ካውያውን እያነሳ። «እኔም ከዚህ ማሽን ጋር ተላምጃለሁ፤ ቢቀየር ማን ጀርባዬን ያሽልኝ ነበር?»

ማንም አልሳቀለትም። እሱም ራሱ አልሳቀበትም።

ባለፈው እሁድ ሳይደርቅ ላውንደሪው ውስጥ የቀረ የሬዲዮ ሹራብ ነበር። አረፋ አረንጓዴውን ክር ፈታች፣ ሰማያዊ ሰፋችበት፣ ተኮሰችው፣ እጇንም በትንሹ አቃጠለች። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ይዛው ሄደች። ዳኞቹ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ቤት ሄደው ይሆናል።

ሬዲዮ በሩን ከፈተች፤ ከውስጥ የአክስቷ ሳል ይሰማል። ሹራቡን ተቀብላ ወዲያው አንገቱን ገለበጠች። አሁን ልማድ ሆኖባታል።

«ሰማያዊ ነው» አለች አረፋ ቶሎ ብላ። «የሁሉም ሰማያዊ ሆኗል። አብሮ ነው የሚታጠበው። በጓሮ በር መምጣትም ቀርቷል፣ በፊት በር ነው።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ሬዲዮ፣ ይቅርታ። ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ።»

«ልጆቹ ስልክ ላይ አለ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ሬዲዮ ሹራቡን አጠፈችው። ከዚያ ቀና ብላ የአረፋን ሸሚዝ አየች፤ ንጹሕ፣ የተተኮሰ።

«ያንቺስ ክር ምን ዓይነት ነው?»

«የኔ? የኔ ክር የለውም።»

እውነቷን ነው። የላውንደሪው ባለቤት ልጅ ልብስ ምልክት አያሻውም፤ በፈለገችበት ቀን ይታጠባል፣ ወረፋም አይጠብቅም። አረፋ ይህንን እስከዛሬ አስባው አታውቅም ነበር፤ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

«እህ» አለች ሬዲዮ። «ስለ ሹራቡ አመሰግናለሁ።» ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው ነው ያለችው። በሩንም በቀስታ ዘጋችው። ብትወረውረው ለአረፋ ይቀላት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የፊቱ በር ተከፈተ። ከዚህ በፊት ጓሮውን የሚሞሉት ልጆች አብዛኞቹ አልመጡም። ጥቂቶቹ በደንበኞች መሀል ከረጢታቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ቆመዋል። ሬዲዮ የለችም። አረፋ መንገዱን ወደላይም ወደታችም አይታለች።

ዩኒፎርሟን በፌስታል ይዛ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች፣ ዞራም ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ከፊቷ ያለው፣ ሰኞ ቀጮ የያዘው ያ አጭር ልጅ ነበር። ዞር ብሎ መጀመሪያ ፌስታሉን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

«አንቺም?»

«እኔም።»

ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ ፊቱን መለሰ። ተራው ደርሶ ከረጢቱን ሰጠ፣ ሄደ። እማዬ አንገቷን እንዳቀረቀረች «ቀጣይ» አለች፤ ቀና ስትል ልጇ ናት። ሸሚዙን ተቀብላ ኮሌታውን ገለበጠች። ውስጡ አረፋ ማለዳ ራሷ የሰፋችው፣ ትንሽ የተጣመመ ሰማያዊ ክር አለ። እማዬ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ከዚያም ሸሚዙን ከሌሎቹ ልብሶች ጋር ጨመረችው።

«እሁድ ከሰዓት ነይ» አለቻት፤ ለሁሉም እንደምትለው።