ጉንዳን የጻፈው ኮድ

ሟቹ ከመሥሪያ ቤቱ የጓሮ ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የሸሚዙ ኮሌታ ተቀዷል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችውና ጉልበቷን ይዛ ቀና አለች። ስንት ሬሳ እንዳየች መቁጠር ከተወች ቆይታለች፤ ድካሙ ግን አልተዋትም።

ሟቹ መጨረሻ ወደ ደወለበት ቁጥር ደውላ ረዘም ላለ ጊዜ አወራች። ከዚያ ቢሮ ገባች።

ሟቹ የሶፍትዌር ባለሙያ ነበር፤ ድርጅቱ የታላቅ እህቱ ነው። ለክሊኒኮች የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ያከፋፍላሉ።

የእህቱ ዓይን ደም መስሏል። «ፕሮግራሙ ውስጥ ከኢንተርኔት የተወሰደ ኮድ አለ» አለች። «ጉንዳን ነኝ የሚል ሰው የጻፈው። ማን ይሁን፣ የት ይሁን አናውቅም። ተጠቀሙ አላለ፣ አትንኩ አላለ። ወንድሜ ‹ባለቤቱ ሳይገኝ አንድ ቅጂ አይወጣም› ብሎ ድርቅ አለ። እኔም ‹ጠበቃችን ኮዱ ከባለቤትነት ጥያቄ ንጹህ ነው ብሎ ለደንበኞቹ ፈርሞ የለም ወይ!› ብዬ ጮህኩበት። የመጨረሻ ንግግራችን ይኸው ሆነ።»

የሽያጭ ኃላፊው ላብ በላብ ሆኗል። «አዎ፣ ተጣልተናል! ‹ጉንዳንህን ፈልገህ አምጣው፣ ካልሆነ ልቀቀን› አልኩት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

ጠበቃው ወንበር ሳበላት። «ልጁ እውነቱን ነበር» አለ በተረጋጋ ድምፅ። «ፈቃዱ ያልለየለትን ነገር ማከፋፈል በእሳት መጫወት ነው። ዝም አለች ማለት ፈቀደች ማለት አይደለም። ነገ ተነስታ ብትከስ ፕሮግራሙ ይታገዳል፣ ካሳው አለ።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ፈረሙ?»

«ማን ይመጣል ብዬ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። ተቀምጣ ነው የተናገረችው፤ መቆሙ ከብዷታል።

«ራሱ የወደቀ ሰው ኮሌታው አይቀደድም። አንድ ሰው ይዞታል። ማን? ትናንት በሥራ መውጫ ሰዓት ሟቹ ጉንዳንን በስልክ አገኛት። አዎ፣ ሴት ናት፤ እኔም አነጋግሬያታለሁ። ‹አንድ ሰው እየመጣ ነው፣ ልንገረው› ብሎ ነው የተሰናበታት። እናንተ ሁለታችሁ ዛሬም ‹እሱ› ነው የምትሏት።» ወደ ጠበቃው ዞረች። «እርስዎ ግን ‹ተነስታ ብትከስ› አሉኝ። ሴት መሆኗን ከሟቹ በቀር ማን ሊነግርዎ ይችል ነበር?»

ጠበቃው መነጽሩን አወለቀ።

«‹አገኘኋት› አለኝ። በቃ፣ ፊርማዬ ታየኝ፤ የጥብቅና ፈቃዴ ሲሰረዝ ታየኝ። ዝም በል ብዬ ነው የያዝኩት። ሲታገለኝ ገፋሁት።»

እህቱ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ሴትዮዋ ምን አለችው?»

መርማሪዋ ይህን ባትጠየቅ በወደደች ነበር።

«‹ለሕሙማን ከሆነ ውሰዱት፣ ስሜን ብቻ ጻፉልኝ› ነው ያለችው። ፈቅዳለች። ለጠበቃው ሊነግረው የነበረውም ይህንኑ ነው።»

ጠበቃው የያዘውን መነጽር ጠረጴዛው ላይ ጣለው። እህቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።