የተገነጠለው ቃለ ጉባኤ

ሰኞ ጠዋት ከምክር ቤቱ የቃለ ጉባኤ ደብተር አንድ ገጽ ተገንጥሎ ተገኘ።

አሶሳ፣ 1987 ዓ.ም.። ክልሉ ገና አዲስ ነው። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በደርግ ጊዜ የሰፋሪ እህል ይከማችበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። ግልባጭ የለም። ደብተሩ ላይ የሌለ ውሳኔ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል።

ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ አሳምነው ጸሐፊውን ኢዘዲንን ጠየቀ።

«ምን ነበረበት?»

«ለአቶ ሻዕባን መንደር የውሃ ጉድጓድ እንዲቆፈር የተወሰነው። የመቆፈሪያው መኪና የተፈረመውን ካላየ ነገ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።»

የመጋዘኑ ቁልፍ በጽዳት ሠራተኛዋ በየሻረግ እጅ ነው። የሰፋሪ መንደሯ ያንኑ ጉድጓድ ጠይቆ ተከልክሏል።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ብሰርቅማ ጌታዬ፣ መኪናውን ነበር የምሰርቀው!»

አሳምነው አልሳቀም። ደብተሩን ገለጠ። በጣት አሻራ የተፈረመባቸው ገጾች ብቻ ጠርዛቸው በቀይ አፈር ጨቅይቷል። እድፉ ከኋላ በኩል ይበረታል፤ ወደ ፊት እየሳሳ ይመጣል። ሌባው አሻራ እንጂ ጽሑፍ አልፈለገም። የገለጠውም ከኋላ ጀምሮ ነው።

«በጣት ከሚፈርሙት አባላት ቁርኣን የቀራ አለ?»

ኢዘዲን አንገቱን ደፋ። «አቶ ሻዕባን ብቻ።»

ሽማግሌው ሲጠሩት መጣ። አልካደም።

«ወላሂ፣ እኔ ሌባ አይደለም። የራሴን ጣት ነው የወሰድኩት።»

«ለምን?»

«ገበያ ላይ ሰደቡኝ። የአባቶችህን መቃብር ለሰሊጥ እርሻ ፈርመህ ሰጠህ አሉኝ። ያን ቀን ስብሰባው ላይ በአማርኛ ቶሎ ቶሎ አወሩ። ጣት አምጣ አሉኝ። ሰጠሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት። መጀመሪያ ለውሃ። ኋላ ለዚያ። ሴትዮዋ ስትጠርግ በሩ ክፍት ነበር። የኋላውን ወስጄ አቃጠልኩት።»

«ደብተሩን በየት በኩል ከፈቱት?»

«እንደ ቁርኣኑ ኪታብ ነዋ። በቀኝ። ጣቴን በጠባሳው አውቃለሁ፤ ሁለተኛ ያገኘሁትን ገነጠልኩ።»

አሳምነው ገጽ አሥራ አራትን ገልጦ አሳየው። ከግርጌው የሻዕባን አውራ ጣት አለ።

«ይኼ የምኑ ነው?» አለ ሻዕባን።

«የመቃብሩ።»

«ያቃጠልኩትስ?»

«የውሃው።»

ሻዕባን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«አሁን ልፈርም። ለውሃው።»

«ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ከሦስት ወር በኋላ ነው» አለ ኢዘዲን። ቀና ብሎ አላየውም።

አሳምነው የእምነት ክህደት ቃሉን ጽፎ ጨረሰ። ወረቀቱንና ቀለሙን ወደ ሽማግሌው ገፋ። ሻዕባን እጁን ጉልበቱ ላይ አቆየ።

«መጀመሪያ አንብብልኝ» አለ።

አነበበለት። አንድም ስህተት አልነበረበትም። ሻዕባን ጣቱን ሰጠ።