አሥራ ሰባቱ የጎደሉ ቁጥሮች

ቦሁሚል ህራዴክ የሞተው የብረት ደረጃው ሥር ተዘርሮ ነው። አንድ ጫማው ወልቋል፤ መነጽሩን ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። ብራስልስ ውስጥ በዚያ የስብሰባ ሕንጻ የአስተርጓሚዎች አለቃ ነበር። የስድሳ ሦስት ዓመት የቼክ ሰው፣ ስምንት ቋንቋ የሚችል፣ በስምንቱም የሚቆጣ። ያን ሁሉ ቋንቋ ሰብስቦ ሲያበቃ ለስንብት የመረጣት ቃል ግን አንዲት ፊደል የምትበቃት ነች።

«‹ኖ› ነው ያለኝ» አለ ሩጄሮ።

ሩጄሮ የድምፅ ቴክኒሻን ነው፤ ጣሊያናዊ፣ ወደ ክፍል ሲገባ ሆዱ የሚቀድመው። ዛሬ ግን የቡና ኩባያውን መያዝ አቅቶት በሁለት እጁ አቅፎታል።

«ሲያቃስት ሰምቼ ሮጥኩ። ‹ቦሁሚል፣ ሰው ገፍቶህ ነው?› አልኩት። ‹ኖ› አለኝ። ከዚያ በኋላ ዝም።»

ኢንስፔክተር ጎድሊቭ ቫንደርሜርስ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስንት ቃል ሞልቶ ይቺኑ ቃል!

አምና ሚዎሽ የሚባል ፖላንዳዊ ግንበኛ ይዛ ነበር። «በዚያ ምሽት ቤትህ ነበርክ?» ስትለው «ኖ» አላት። እሷም አስተርጓሚ እስኪመጣ ሳትጠብቅ «አልነበርኩም ብሏል» ብላ ጻፈች። ልጁ አርባ አንድ ቀን ታሰረ። ኋላ አስተርጓሚ ሲመጣ በፖላንድኛ ያቺ ቃል «አዎ፣ እንግዲህ…» ማለት ሆና ተገኘች። ሚዎሽ ተፈታ። ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም። አሁን የሚሠራበት ሕንጻ ከጎድሊቭ ፌርማታ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ኢንስፔክተሯ ከትራም አንድ ፌርማታ ቀድማ ትወርድና በዝናብም ቢሆን ትራመዳለች። የሐኪም ምክር ነው ትላለች። ውሸቷን ነው።

«በቃ፣ ራሱ ነው የወደቀው» አለ ሩጄሮ። «ሰውየው አልገፉኝም ካለ አልገፉትም!»

«በአንተ አገር ነዋ!» አለች ኤውላሊያ። የፖርቱጋልኛ አስተርጓሚ ነች፤ ከባሏ ከአንሴልሞ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፤ እዚያው ይጣላሉ፣ እዚያው ይታረቃሉ። «ቦሁሚል እኮ ቼክ ነው። ለቼክ ‹ኖ› ማለት ‹አዎ፣ እንዴታ› ነው።»

«የእኛም አጻጻፏ ያው ነው፤ ‹ውስጥ› ማለት ናት» አለ አንሴልሞ።

«ደረጃ ሥር ተዘርሮ ‹ውስጥ› ምን ያደርግለታል? አንተ ደግሞ!»

«አማራጭ ላብዛላቸው ብዬ ነው። ሀንጋሪዎቹ ጋ ‹እህ፣ በሉ እንቀጥል› ትሆናለች።»

«ሰውየው ሞቷል፣ አንሴልሞ!»

ከጥግ የተቀመጡት ሁለቱ የፖላንድኛ አስተርጓሚዎች፣ ቦግናና ቪቶልድ፣ ትንፍሽ አላሉም። ቃሏን ከቼክ ቀጥሎ ከሁሉም አብልጠው የሚያውቋት እነሱ ናቸው። ጎድሊቭ ይህን ልብ አለች።

ስልኳ ጮኸ። መርማሪ ዳኛው ነበር።

«ሟቹ አዎ ተገፍቻለሁ ካለ ግድያ ነው። ቴክኒሻኑ ብቻውን ነበር። ባለፈው ሳምንት ሟቹ በማይክሮፎን ብልሽት ከሶታል። አሥር ሰዓት ላይ አስይዘዋለሁ።»

«ቃሏ አዎም ልትሆን ትችላለች፣ አይደለምም። በእሷ ሰው አይታሰርም።»

«እንደ አምናው ማለትሽ ነው?» አለና ዘጋው።

ጎድሊቭ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀላ። ሩጄሮ ሳይሰማ አልቀረም፣ አንገቱን ደፋ።

«ልጄ ቅዳሜ ታገባለች» አላት በዝቅታ። «እጇን ይዤ የምገባው እኔ ነኝ።»

ሰዓቷን አየች። ሰባት ተኩል። ቃሏን ትታ አሠራራቸውን መመርመር ጀመረች።

የፖርቱጋልኛውና የፖላንድኛው አስተርጓሚዎች የሚሠሩባቸው ሁለቱ የመስታወት ክፍሎች ከአዳራሹ በላይ ጎን ለጎን ናቸው። ከኋላቸው ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ መጨረሻው ላይ ያ የብረት ደረጃ። የጠዋቱ ስብሰባ ስለ ዓሣ ነበር፤ የየትኛው አገር ጀልባ ስንት ቶን ያጥምድ የሚል። ቦሁሚል የወደቀው በአራት ሰዓት ተኩልና በአምስት ሰዓት መካከል ነው።

«በዚያን ሰዓት የት ነበራችሁ?» አለቻት ኤውላሊያን።

«የት እንሆናለን? እኔ እናገራለሁ፣ አንሴልሞ አጠገቤ።»

«የእሱ ተራ ዕረፍት ከሆነ ቡና ሊጠጣ አይወጣም?»

ኤውላሊያ ሳቀች። «ዕረፍት የሚባለው ለደንቡ ነው፣ ኢንስፔክተር። በየግማሽ ሰዓቱ እንቀያየራለን። አንዱ ሲናገር ሌላው ቁጥርና ስም ይጽፍለታል። ቁጥር ከጆሮ ወደ አፍ ሲሄድ መንገድ ላይ ይወድቃል። ጓደኛህ አጠገብህ ከሌለ ጉድህ ፈላ።»

«የጻፈልዎትን ማየት እችላለሁ?»

«የሱን ጽሕፈት? ከቻሉ ያንብቡት! እኔ ሃያ ዓመት አግብቼው ነው የለመድኩት።»

ደብተሩ ላይ የአንሴልሞ ትልልቅ ቁጥሮች እንደ ሰከረ ሰው ተንጋደዋል። ከገጹ ራስ ላይ ሰዓቱ ተጽፏል፤ 4፡30። ጎድሊቭ ቆጠረች። አሥራ ሰባት። የዴንማርኩ ልዑክ በዚያ ግማሽ ሰዓት ያነበበው የሄሪንግ ዓሣ ቶን ነው።

ቀጥላ ቦግናን አነጋገረች። አርባ ያልሞላት፣ ሹራቧን እስከ ጣቶቿ ጫፍ የምትስብ ሴት ነች።

«ከአራት ተኩል እስከ አምስት የማን ተራ ነበር?»

«የኔ።»

«ቪቶልድስ?»

«አጠገቤ ነበር።» ቶሎ አለችው፤ ከጥያቄው ቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ይመስላል።

«የሟቹን ቃል እርስዎ ምን ይሏታል?»

«እኔ ቼክ አይደለሁም» አለች ቦግና፣ ሹራቧን እየሳበች።

ቪቶልድ ኮሪደሩ ላይ፣ መስኮቱን ተደግፎ ነበር። ኀምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ያማረ፣ ፀጉሩ የተበጠረ። ጎድሊቭ በቀኙ በኩል ቀረብ ብላ «ቡና ላምጣልዎት?» አለችው። ዝም። ድጋሚ አለችው። ዝም። ተዘዋውራ በግራው ስትቆም ነው ደንገጥ ብሎ ዞር ያለው።

«ይቅርታ! ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ።»

«ቅርብ ይሂድ ብቻ» አለችው። «ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከቦግና ጋር። ቁጥር እየጻፍኩላት።»

ወደ ፖላንድኛው ክፍል ስትገባ በመጀመሪያ ያየችው የድምፅ መጠን ማስተካከያውን ነው። የቦግና መሃል ላይ ቆሟል፤ የቪቶልድ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ደብተራቸውን ገለጠች። 3፡30፦ የቦግና ተራ፤ ቪቶልድ ከታተመው ወረቀት ላይ ስሞችና ጥቂት ቁጥሮች ገልብጦላታል። 4፡00፦ የቪቶልድ ተራ፤ ገጹ በቦግና ጽሕፈት ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። 4፡30፦

ጎድሊቭ ገጹን ወደ መብራቱ አዘንብላ አየችው። በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ ከዋናው ቢሮ ሌላ የፖላንድኛ አስተርጓሚ አስጠራች፤ የጠዋቱን የድምፅ ቅጂ እንድታዳምጥላት። አምና ያላደረገችውን አደረገች ማለት ነው፤ ጠበቀች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስቱን አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሩጄሮ ኮቱን ለብሶ መጣ፤ ይዘውት ሊሄዱ ነው ብሎ።

«ኮትዎን ያውልቁ፣ ገና ነው» አለችው። ሁለት ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አደረገች። «ከጠዋት ጀምሮ የምትከራከሩት በአንዲት ቃል ነው። እኔ ቃሏን ትቻታለሁ። ሟቹ ይዟት ሄዷል። የያዝኩት ይህንን ነው። ኤውላሊያ፣ የናንተ ገጽ ላይ ስንት ቁጥር አለ?»

«አሥራ ሰባት።»

«ሁለታችሁም ክፍላችሁ ውስጥ ነበራችሁ። አንዱ ባይኖር ይህ ገጽ አይኖርም። ተመሳሳይ ሰዓት፣ ተመሳሳይ ንግግር፣ ሁለተኛው ክፍል።» የፖላንዶቹን ደብተር ገልብጣ አሳየች። ከ«4፡30» በታች ነጭ ወረቀት ብቻ ነበር። «ቦግና፣ አሥራ ሰባቱ የት ገቡ?»

ቦግና ሹራቧን እስከ ጣቶቿ ጫፍ ሳበች።

«ምናልባት ራስዎ ሸምድደው ተወጡት ብዬ ቅጂውን አስደመጥኩ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ሁለት ጊዜ ‹አኃዙን በእጃችሁ ካለው ወረቀት ተመልከቱ› ብለዋል። በሌሎቹ ሰዓታት አንድም ጊዜ አላሉም። ኤውላሊያ፣ ሰው እንዲህ የሚለው መቼ ነው?»

«አጠገቡ የሚጽፍለት ሲያጣ» አለች ኤውላሊያ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ቀጠነ።

«ስለዚህ ቪቶልድ ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም። ሁለታችሁም ዋሽታችሁኛል። አሁን ለምን ወጡ? የድምፅ መጠንዎ ጥግ ድረስ ተከፍቷል። በቀኝዎ ሁለት ጊዜ ቡና ልጋብዝዎ ብዬ ዘጉኝ፤ እዚህ ሕንጻ ውስጥ ደግሞ ቡና እንቢ የሚል አላየሁም። በርስዎ ተራ ቦግና ገጹን ሁሉ ትሞላለች፤ በእሷ ተራ እርስዎ ከታተመ ወረቀት ይገለብጣሉ። ጆሮዎ እየከዳዎት ነው።»

ቪቶልድ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሁለቱም አይደለም» አለ። «ቀኙ ብቻ ነው።»

«ቪቶልድ!» አለች ቦግና።

«ተዪኝ፣ ቦግናዬ። በቃ።»

«ሁለት ዓመት ጻፍኩለት!» ቦግና ወደ ሩጄሮ ሳይሆን ወደ መሬቱ ነበር የምትናገረው። «ደግነት ነው ብዬ ነው። ዛሬ ወጥቶ ቆይቶ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። የት ነበርክ አላልኩትም። ኋላ ሩጄሮን ሊያስሩት ነው ሲባል… ሰማሁ። ሹራቤን እየሳብኩ ቁጭ አልኩ። ልጁ ቅዳሜ እንደምታገባም አውቃለሁ፤ የጥሪ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ!»

ሩጄሮ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለው።

«ቦሁሚል ደረጃው ላይ ጠራኝ» አለ ቪቶልድ። «‹አውቄብሃለሁ፣ ከነገ ጀምሮ ክፍል ውስጥ አትገባም› አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ! ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ታየኝ። ‹ለማንም እንዳትናገር› ብዬ ክንዱን ያዝኩት፣ ሊያልፈኝ ሲል ወረወርኩት። ዞር ብዬ ሄድኩ።»

«አሥር ደቂቃ በሕይወት ነበር። ያቃስት ነበር። ሩጄሮ ከአዳራሹ ማዶ ሰምቶታል» አለች ጎድሊቭ።

«ቀኜ በእሱ በኩል ነበር» አለ ቪቶልድ። «አልሰማሁትም።» ቀጥሎም፣ «ወይም አልሰማሁም ብዬ ነው» አለ።

ጎድሊቭ ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ይህ ከቦሁሚል ደረት ኪስ ነው የተገኘው። ለጆሮ ሐኪም ምርመራ የሚጻፍ ማዘዣ ነው። ቀኑ ተሞልቷል፣ ፊርማው አለ። የታማሚው ስም ቦታ ግን ባዶ ነው። የጸሐፊ ሴት እጅ ውስጥ እንኳ ስምዎ እንዳይገባ ብሎ፣ ራስዎ እንዲሞሉት ነው የተወው። ሊያዋርድዎት አልፈለገም።»

ቪቶልድ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አጣጥፎ፣ እንደሚሰበር ነገር በቀስታ፣ መልሶ ሰጣት። ሁለቱን እጆቹን ዘረጋላት።

«‹ኖ› ያለው ታዲያ…» አለ አንሴልሞ። «አዎ ተገፋሁ ነው? ወይስ ጓደኛውን ሊያተርፍ ማንም አልገፋኝም?»

በዚህ ጊዜ ግን ኤውላሊያ አልተቆጣችውም።

ጎድሊቭ ለዳኛው ደወለች። «ቴክኒሻኑን ይተዉት። ቅዳሜ ሠርግ አለበት።» መልሱን ሳትሰማ ቀድማ ዘጋችው፤ ይቺ ብቻ ደስ አለቻት።

አመሻሽ ላይ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ትራሙ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ቆመ። እንደ ልማዷ ብድግ አለች። በሩ ተከፈተ። የቪቶልድ የተዘረጉ እጆች ትዝ አሏትና ተመልሳ ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት አሮጊት «ልጄ፣ ትወርጃለሽ ወይስ አትወርጂም?» አሏት።

«ቀጣዩ ላይ» አለች።

ሚዎሽ ከሕንጻው በር ላይ የስሚንቶ አቧራ ከጫማው እያራገፈ ነበር። ሲያያት ቀጥ ብሎ ቆመ። አርባ አንድ ቀን ሙሉ ፊቷን ያስታወሰ ሰው ነው።

«ልይዝህ አይደለም የመጣሁት» አለችው። ፊቷ እንደገና ቲማቲም ሆነ። «በእኔ ጥፋት ነው የታሰርከው። አስተርጓሚ እስኪመጣልህ አልጠበቅኩህም። ዓመት ሙሉ ደግሞ እየሸሸሁህ ነበር፤ ከዚያች ፌርማታ እየወረድኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሚዎሽ ጫማውን አየ። ትራሙን አየ። ጆሮውን አከከ።

«ኖ…» አለ።

ጎድሊቭ እስክሪብቶ አላወጣችም። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ የሚቀጥለውን እስኪናገር ቆማ ጠበቀችው።