ሁለተኛው ጉርሻ

ሲፋንን ከፍሬአብ ጋር ያገናኛት ማስነጠስ ነው። ጥቅምት ላይ ኦሎምፒያ የታክሲ ሰልፍ ይዛ ሦስቴ አከታትላ ስታስነጥስ፣ ከኋላዋ የቆመው ወጣት ሦስቴም «ይማርሽ!» አላት።

«ያኑርህ። አልደከመህም?» አለችው ዓይኗን እየጠረገች።

«አራተኛውን እየጠበቅኩ ነው።»

ሳቀች። አራተኛውም መጣ።

በዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ ቂርቆስ እናቱ ቤት ይዟት ሄደ። ወይዘሮ ጀማነሽ ብቻቸውን ያሳደጉት አንድ ልጃቸው ነው፤ እሳቸው ያልወደዷትን እንደማያገባ ሲፋን ታውቃለች። ዓርብ ስለነበር የቲማቲም ፍትፍት ቀረበ። እናቱ ጠቅልለው አጎረሷት። ወዲያው ምላሷን ያሳክካት፣ ከንፈሯም ያብጥ ጀመር። ሁለተኛው ጉርሻ አፏ ጋ ሲደርስ ፊቷን አዞረች።

«እንዴ! እጄን ተጸየፍሽው?»

የሆነችው ለራሷም አልገባትም። አፏን ሸፍና ተነሥታ ወጣች። በሩ ሳይዘጋ «ጉርሻዬን ለምትመልስ ልጄን አልሰጥም!» ሲሉ ሰማቻቸው።

ከእፍረቷ ብዛት የፍሬአብን ስልክ ማንሣት አቃታት። ሐኪም ዘንድ ሄደች።

«ቲማቲም እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ስበላው የኖርኩት ነው!»

«ካደጉም በኋላ ይጀምራል» አለቻት ሐኪሟ። «የሣር አበባ ብናኝ አለርጂ አለብሽ፤ የሚያስነጥስሽ እሱ ነው። ጥሬ ቲማቲም ውስጥ ብናኙን የሚመስል ነገር አለ። ሰውነትሽ ሁለቱን ያምታታቸዋል። ሲበስል ግን ያ ነገር ይለወጣል። ስልስ ትበያለሽ?»

«ትናንትም በልቻለሁ። ምንም አልሆንኩም።»

«አየሽ? ጥሬውን ብቻ ተይው።»

ስትወጣ ካዛንቺስ መንገድ ዳር ያለው ሣር አብቧል። ቆማ አየችው። ዓይን የማያየው ብናኝ ሰልፍ ላይ ያገናኛል፣ ማዕድ ላይ ይለያያል። እዚያው ቆማ ደወለች።

«ፍሬ፣ ማለቴ… እናትህን ንቄ አይደለም። ሣሩ ነው።» ሁሉንም ነገረችው።

«ያ ያገናኘን ሣር?» አላት።

ሁለቱ አብረው ቂርቆስ ሄደው ሲነግሯቸው፣ ወይዘሮ ጀማነሽ ነገሩን የሰሙት እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ቲማቲም ስከትፍ፣ ለካ የሣር ዘመድ ነው የምከትፈው? አቤት የፈጣሪ ሥራ!» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ስልሱን እሳት ላይ እያማሰሉ ቆዩበት፤ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም አልለይ እስኪል።

ጠቀለሉ። ሲፋን አፏን ከፈተች።

እናት ከንፈሯን ብቻ ያያሉ። ቆዩ፤ አላበጠም።

«በይ» አሉ እንባቸው እየመጣ፣ «ሁለተኛውን ተቀበይኝ፣ ልጄ።»

ወይዘሮ ጀማነሽ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጥቅምት ሲመጣ ሲፋን ታስነጥሳለች፤ ፍሬአብም «ይማርሽ» ይላታል። ዓርብ ዓርብ ስልሱን የሚሠራው እሱ ነው። አንድ ያጎርሳታል፤ ከዚያ እንደገና ይጠቀልልና እጁን ዘርግቶ ትንሽ ይቆያል።

«ይሄኛው የእማዬ ነው።»