በምስማሩ ላይ የቀረው ናስ

አቶ ይገዙ አትላንታ አጠገብ ኖርክሮስ ባለው ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ፣ ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው እንደ ለበሱ ሞተው ተገኙ። ፊታቸው ከምድጃ አጠገብ እንደ ተነሣ ሰው ቀልቷል። የካውንቲው መርማሪ ደጊቱ ይህን ቅላት ታውቀዋለች፤ የጭስ መርዝ ነው። ክፍሉን ዞራ አየች። ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ነው፤ የሚጨስ ነገር የለም። እንግዲህ ሰውየው የሞቱት ሌላ ቦታ ነው፤ ተሸክሞ ያስተኛቸው ሰው አለ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አረጋሽ ከነርሲንግ ሆም፣ ከአረጋውያን መጦሪያው፣ የሌሊት ሥራቸው ጠዋት ሲመለሱ እንዳገኟቸው ተናገሩ።

«ፍትሐቱ ለነገ ይደርሳል ልጄ?»

«ምን እንደ ገደላቸው አልጠየቁኝም፣ እትዬ።»

«ፍትሐት ካገኘ ሌላው ምን ያደርግልኛል።»

ደጊቱ መልሱን በልቧ ያዘች። ከወጥ ቤት ወደ ጋራዥ በሚያወጣው በር አጠገብ፣ ምስማር ላይ፣ ቁጥር የተቀረጸበት ክብ ናስ ተሰቅሏል።

«ይሄስ?»

«የኮርደን ፎርጅ ነው» አሉ አረጋሽ። «ፔንሲልቬንያ፤ ከስደት መጥተን ያረፍንባት ትንሽ ከተማ። መጀመሪያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ነበረች፤ ኋላ ወንዙ ዳር የብረት ማቅለጫ ተተከለባት። እኛ ስንደርስ ጉድጓዱ ተዘግቷል። ይገዙ ማቅለጫው እስኪዘጋ ሠራ፤ ጆሮውን እዚያው ጥሎት መጣ። ናሱን የሰጠው ጎረቤታችን የነበረ ሽማግሌ ከሰል ቆፋሪ ነው። ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ናሱን ሰሌዳ ላይ ይሰቅላል፤ በሰላም ሲወጣ ያወርዳል። ሥራውን የሚተው ደግሞ ያስረክባል። ፍንዳታ የደረሰ ቀን ሚስቶች ሰሌዳው ሥር ቆመው ያልወረደውን ናስ ሲያዩ ይውሉ ነበር አሉ። ይገዙም ከቤት ሲወጣ ይሰቅላል፣ ሲገባ ያወርዳል። ‹ተሰቅሎ ካየሽው ጠብቂኝ› ይለኛል።»

ደጊቱ ናሱን ሳትነካ ወደ ጋራዡ ወጣች። የጋራዡ በር በስልክ የሚታዘዝ ዓይነት ነው። አሮጌው መኪና አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆሟል። ወንበሩ ላይ የተገለጠ ዳዊትና መነጽር፣ የኩባያ ማስቀመጫው ውስጥ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ አለ።

ጎረቤታቸው ሰርፀ ታክሲ ነጂ ነው።

«ንጋት ላይ ከኤርፖርት ስገባ ጋራዣቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። መኪናውን እያሞቁ ዳዊት ይደግማሉ። አትላንታ ውስጥ መኪና ሳያሞቅ የማይነዳ እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው፤ የሰሜኑ ብርድ አልለቀቃቸውም። እጄን አውለበለብኩ፤ ቀና አላሉም።»

«ከዚያስ?»

«ተኛኋ።»

«ወገብህን ምን ሆነህ ነው የምታሸው?»

«ታክሲ ነጂ ወገብ የለውም፣ እህቴ።» ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም።

ልጃቸው ዮናስ ዳውንታውን ካለው ሆቴል፣ ከፓርኪንግ ሥራው፣ ዩኒፎርሙን እንደ ለበሰ መጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ባለፈው እሑድ የማቅለጫውን የመጨረሻ ጭስ ማውጫ ሲያፈርሱት ቪዲዮውን አሳየሁት። ‹እኔም አብሬው ፈረስኩ› ብሎ አለቀሰ። ለምን አሳየሁት፣ ለምን?»

ማታ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ሕዝቅያስም መስቀላቸውን ይዘው ተቀመጡ።

«እትዬ አረጋሽ» አለች ደጊቱ፣ «ሲመለሱ ጋራዡ ተዘግቶ፣ ሞተሩ እየሠራ አገኟቸው። ከእሑዱ ለቅሶ ጋር አያይዘው ራሳቸውን ያጠፉ መሰለዎት። ፍትሐት እንዳይከለከሉ ከሰርፀ ጋር ተሸክማችሁ አስተኛችኋቸው።»

«ወገቤ መሰከረብኝ» አለ ሰርፀ። ማንም አልሳቀም።

«ናሱን ግን አላወረዱትም።»

«እጄ እንቢ አለኝ» አሉ አረጋሽ። «በእግሩ አልገባማ።»

«እንኳን አላወረዱት። ሊቀር ያሰበ ሰው ያስረክባል እንጂ አይሰቅልም፤ የሰቀለ እመለሳለሁ ብሏል። ደግሞ ማቅለጫ ውስጥ የኖረ ሰው ጋዝን ያውቃል፤ በሩን ከፍተው ነው ሞተር ያስነሡት፣ ሰርፀ አይቷል። የጆሮ መሣሪያቸው መኪናው ውስጥ ነው፤ አውልቀው ይጸልዩ ነበር። ጀርባቸው ወደ በሩ፣ ዓይናቸው ዳዊቱ ላይ። በሩ ከኋላቸው ሲወርድ አልሰሙም።»

«ማን አወረደው?» አሉ ቄስ ሕዝቅያስ።

ደጊቱ እዚህ ላይ ብታቆም በሕይወት ካሉት አንዱን ታድን ነበር፤ ሟቹ ግን ራሳቸውን አጥፍተዋል በሚል ጥርጣሬ ይቀበራሉ። የአረጋሽን ዓይን አየች።

«ዮናስ፣ በሩ ከስልክህ ጋር የተገናኘ ነው አይደል? ዛሬ ጠዋት ምን መጣልህ?»

ዮናስ ስልኩን አወጣ። የጠዋቱን መልእክት ገልጦ አነበበ።

«ኖቲፊኬሽን» አለ ዝግ ብሎ። «ጋራዡ ክፍት ነው የሚል። ሁሌ ይረሳዋል። ሁሌ እኔ ነኝ ከሥራ ቦታዬ ሆኜ በስልኬ ክሎዝ የማደርግለት… ሌባ እንዳይገባበት ብዬ።»

አረጋሽ ከወንበራቸው ወርደው ወለሉ ላይ፣ ልጃቸው እግር ሥር ተቀመጡና ጉልበቱን አቀፉ።

«ፍትሐቱ ነገ ይደርሳል» አሉ ቄሱ። የተለመነው ተሰጠ፤ ያመሰገነ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ከቀብር ሲመለሱ እናትና ልጅ በጋራዡ በኩል ገቡ። አረጋሽ ናሱን ከምስማሩ አውርደው ዮናስ መዳፍ ላይ አኖሩት።

«ገብቷል» አሉት። «በሰላም ገብቷል። አንተም ግባ፣ ልጄ።»

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። ዮናስ ናሱን እንደ ጨበጠ ቆመ። ከኋላቸው በሩ ክፍት ነበር፤ እንደ ተከፈተ ተወው።