ግንቡ ላይ ያኮረፈው ሰው

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም። አጎታችሁ ታከለም አይመጣም፤ ወጡ ጨው በዛበት ብሎ አኩርፎ ጓዳ ገብቷል። ያኩርፋ። ቀረበት እንጂ ለእኛማ ምን ጎደለብን? ኧረ ቀስ ብላችሁ ሳቁ፣ ይሰማናል።

እስቲ ስለ አንድ አኩራፊ ላውራችሁ።

ዱሮ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰውም ከብትም ወደ ቤቱ የሚገባባት ሰዓት አለች አይደል? በዚያች ሰዓት፣ አንድ አሮጌ የንጉሥ ግንብ ላይ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጧል። ይርዳው ይባላል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ማታ ማታ ብቻውን በልቶ ብቻውን የሚተኛ ሰው ነው።

ታዲያ እዚያ ማን አመጣው?

እህቱ ስመኝ ናት። "ጋሼ፣ በበዓሉ ማግስት ልጆቹን ግንብ እናሳያቸው። አንተም ና፣ ቤት ውስጥ ሻገትክ እኮ" አለችው። ደስ አለው። አዲስ ጋቢውን ለበሰ። ከልጆቹ ጋር ሲሯሯጥ፣ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ፣ ልጅ ሆኖ አረፈደ። ለምሳ ሳሩ ላይ ምግብ ተዘረጋ። ይርዳው እጁን ሊታጠብ ራቅ አለ። ሲመለስስ? ልጆቹ አጋምሰውታል። "እንብላ" ያለው የለም። ርቧቸው ነው እንጂ ንቀውት አይደለም፤ ስመኝም ሕፃን ታጠባለች፣ አላየችውም። እሱ ግን ሆዱ ባሰው። ቁራሽ ዳቦ አነሳና ምንም ሳይል ወደ ግንቡ ወጣ።

ለምን ወጣ? እንዲለምኑት ነዋ። አኩራፊ አታውቁም? ጆሮው እግር ይጠብቃል።

ጠበቀ። የልጆቹ ሳቅ ከታች ይሰማል። ማንም አልመጣም። ጥላው ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ሳቁም ጠፋ። ማንም አልመጣም። ዳቦውን አልነካውም፤ ለምነውት ሊበላው ነው።

ኋላ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማ። ቀስ። ቀስ። "መጣች" አለ በሆዱ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኮቴው መጣ መጣና ከጀርባው ቆመ። ትንፋሽ እንኳ የለም። ይርዳው ቢያኮርፍም ባለጌ አይደለም፤ ምግብ ይዞ ዝም አይባልም። ሳይዞር "እንብላ" አለ።

በትከሻው ላይ እጅ መጣ። ይርዳው ከዳቦው ቆረሰና አስያዘው። ጣቶቹ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛሉ። የስመኝ እጅ እንዲህ ነው? አይደለም።

"እንብላ የሚለኝ ሰው ናፍቆኝ ነበር" አለ የወንድ ድምፅ። "እኔም አኩርፌ ነው እዚህ የወጣሁት። ይለምኑኛል ብዬ።"

"አልመጡም?" አለ ይርዳው። መዞር ፈርቷል።

"አንዴ ጠሩኝ። ደግመው ይጥሩኝ ብዬ ዝም አልኩ።"

ይኼኔ ከታች ስመኝ ተጣራች። "ጋሼ ይርዳው! መሸ እኮ፣ መኪናው ሊሄድ ነው!"

ኩርፊያው የት አለ? ይርዳው ብድግ አለ። "አቤት" ሊል አፉን ከፈተ።

ያ ቀዝቃዛ እጅ አጎረሰው። ያቺኑ ዳቦ፣ እስከ ጉሮሮው። አቤት ቢል፣ ቢል፣ ቃል አልወጣለትም።

ከአጠገቡ ግን፣ በገዛ ድምፁ፣ "አቤት፣ መጣሁ" ተባለ። ኮቴው ደረጃውን ወረደ። አዲሱ ጋቢም ከትከሻው ተገፎ አብሮ ወረደ።

ማን ነገረሽ አትበሉኝ። ይርዳው ራሱ ነው የተናገረው፣ ግንቡ ላይ ስንቋን ፈትታ "እንብላ" ላለች ለአንዲት ሴት። ደግነቱ እግሯ ፈጣን ነበር።

የወረደው መልኩም ድምፁም የይርዳው ነው፤ ስመኝማ ምን ታውቃለች? ወንድሜ ጠባዩ ተለወጠ ትላለች። ከዚያ ወዲህ አኩርፎ አያውቅም። የቀረበለትን ይበላል። እጁ ብቻ በበጋም አይሞቅም። ይርዳው እዚያው ጨለማው ውስጥ ነው፤ እግር ይጠብቃል።

ስለዚህ አኩርፋችሁ ብቻችሁን ጨለማ አትቀመጡ። ስትጠሩም በመጀመሪያው አቤት በሉ።

በሉ፣ አንጀቴ አልቻለም፣ ያንን ሰውዬ ልለምነው። ታከለ! ተው፣ ውጣ ከጓዳ። እንብላ።

"አቤት፣ መጣሁ።"

ሰማችሁ? ካገባሁት ጀምሮ በአንድ ጥሪ አቤት ብሎኝ አያውቅም።

ቆዩ። የውጩን በር የሚያንኳኳው ደግሞ ማነው?

"ክፈቱልኝ እንጂ፣ እኔ ነኝ፣ ታከለ። በጓሮ በኩል ወጥቼ ሻማ ልገዛ ሄጄ ነው።"